ሶኬቱን ከመንቀላችሁ በፊት፦ «ስታርት ስቶፕን ዛሬውኑ አጥፉት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአሽከርካሪ ወደ አሽከርካሪ ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም እጅ ገባ። መካኒክ ነኝ፤ ያመጣልኝም ደንበኛዬ ነው። ስልኩን ዘርግቶ «ይህን አንብበውና ያንን ነገር ንቀልልኝ» አለኝ። «ያ ነገር» ያለው ስታርት ስቶፕን ነው፤ መኪናው ሲቆም ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋውን፣ ልንሄድ ስንል ደግሞ መልሶ የሚያስነሳውን ሥርዓት።

የጽሑፉ ክስ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞተር አጥፍቶ ማስነሳት ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ እየሠራ ቆሞ፣ ከመቆየት የበለጠ ነዳጅ ይበላል። ቁጠባ አለ ከተባለም ኢምንት ነው፤ ሥርዓቱ የተፈጠረውም የአውሮፓን የጭስ ፈተና ለማለፍ እንጂ ለአሽከርካሪው ታስቦ አይደለም። ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ያቃጥላል፤ ሞተሩን ያለ ዘይት እያስነሳ ይበላዋል፤ ባትሪ ይጨርሳል፤ ቱርቦ (አየር አስገድዶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ) ያበላሻል፤ ኤሲ ያጠፋል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይም ለአደጋ ያጋልጣል። በመጨረሻ ጸሐፊው መፍትሔ ብለው ሁለት ሶኬቶች እንድንነቅል ይመክራሉ፤ የባትሪውን ሴንሰርና የኮፈኑን ስዊች።

ሌላው ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ሰው መኪናውን ደስ እንዳለው ይንዳ። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ የመጨረሻው ምክር ነው፤ በተለይ የኮፈኑ ነገር። ወደ እሱ ስደርስ ለምን እንደሆነ እናገራለሁ። ከክሶቹ መካከል እውነትነት ያላቸውም አሉ፤ እነሱንም አልክድም።

ከነዳጁ ልጀምር። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ የካርቡሬተር ዘመን ቅሪት ነው። ያኔ ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት አየሩን ዘግተን፣ ነዳጅ መስጫውን ደጋግመን ረግጠን ነበር፤ ቤንዚኑ ያለ ልክ ይፈስስ ነበር። በዛሬው ሞተር ላይ ግን ኢንጀክተሩ የሚረጨውን መጠን ኮምፒውተሩ ለክቶ ይወስናል። በዚያ ላይ ስታርት ስቶፕ የሚያስነሳው የሞቀን ሞተር ነው፤ ከግማሽ ደቂቃ በፊት ሲሠራ የነበረን። የአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነገሩን ለክቶ የደረሰበት መለያ 10 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚቆም መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ቢያስነሳ በነዳጅ ያተርፋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አያተርፍም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ሁለት ሦስት ሜትር እየተሳበ በሚቆም ሰልፍ ውስጥ የሥርዓቱ ጥቅም ትንሽ ነው። ለዚያም ነው ብዙ መኪኖች ሞተሩን ካስነሱ በኋላ የተወሰነ ፍጥነት ካልደረሱ ደግመው የማያጠፉት።

ቁጠባው ኢምንት ነው የሚለውን ደግሞ በቁጥር እንየው። 2.0 ሊትር ሞተር ያለው አነስተኛ አውቶሞቢል ሚኒሞ ላይ በሰዓት 0.6 ሊትር ገደማ ቤንዚን ያቃጥላል። 4.6 ሊትር ሞተር ያለው ትልቅ አውቶሞቢል ከሆነ ወደ 1.5 ሊትር ይጠጋል። ትንሹን እንውሰድ። አንድ ደቂቃ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤንዚን፣ አንዲት ስንዝር ሳይሄድ ያልቃል። በቀን በድምሩ 20 ደቂቃ የሚቆም ሰው 0.2 ሊትር ያቃጥላል። በዓመት 300 ቀን ቢነዳ 60 ሊትር ይሆናል፤ ለአንድ አነስተኛ መኪና ከአንድ ሙሉ ታንከር በላይ ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ ስልሳው ሊትር ወደ 140 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሁሉንም ስታርት ስቶፕ አያድነውም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ባትሪው ሳይሞላ አያጠፋምና። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር ኤኤኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው የራሱ ሙከራ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆን የነዳጅ ቁጠባ አሳይቷል። ቀኑን ሙሉ በፈጣን መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ግን ከዚህ ምንም አያገኝም፤ ካልቆመ የሚጠፋ ሞተር የለም።

ነገሩን በሊትር ብቻ መቁጠሩም አይዋጥልኝም። የቆመ መኪና ማርሚታ የሚተፋው ጭስ የሚወጣው በሕፃን ልጅ አፍንጫ ከፍታ ላይ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ መኪኖች ተደርድረው ሞተራቸው ሲያጓራ ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ጸሐፊው ትርፍና ኪሳራውን ሲያሰሉ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ቆጥረዋል። እግረኛውም፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚሠራውም ከስሌቱ ውስጥ መግባት ነበረባቸው።

ለፈተና ማለፊያ ብቻ የተፈጠረ ነው የሚለው ክስ በታሪክ አይደገፍም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ቶዮታ በክራውን መኪናው ላይ ከቆመ 1.5 ሰከንድ ያህል በኋላ ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ ገጥሞ ነበር። ዘመኑ የነዳጅ ቀውስ ዘመን ነው። በቶኪዮ መጨናነቅ ውስጥ 10 በመቶ ያህል ነዳጅ እንደቆጠበ ተነግሮለታል። በ1980ዎቹ ቮልስዋገን «ፎርሜል ኢ» ባላቸው መኪኖቹ፣ ፊያትም በሬጋታ ኢኤስ ሞክረውታል። ያኔ የዛሬው የአውሮፓ የካርቦን ሕግ አልተወለደም። ጸሐፊው የነኩት እውነት ግን አለ። የቀድሞው የአውሮፓ የፍጆታ ፈተና 1180 ሰከንድ የሚፈጅ ሲሆን ሩብ ያህሉን መኪናው ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። በእንዲህ ያለ ፈተና ስታርት ስቶፕ ያለው መኪና ከእውነተኛው መንገድ ይልቅ አምሮ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተተካው አዲሱ ፈተና 1800 ሰከንድ ነው፤ የሚቆምበት ጊዜ ወደ 13 በመቶ ዝቅ ብሏል። ስታርት ስቶፕን ለማጥፋት የምንጫነው ቁልፍ መኪናውን ባስነሳን ቁጥር ወደ ነበረበት የሚመለሰውም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ መኪናው የሚፈተነው ፋብሪካው በሰጠው ሁኔታ ስለሆነ። ይህ አሽከርካሪውን እንደሚያሰለች አልክድም። ፈተናው ተጋነነ ማለት ግን መንገድ ላይ የሚቃጠለው ቤንዚን ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ወደ ሞተሪኖው ልለፍ። ጸሐፊው የሚያስቡት ድሮ የምናውቀውን ሞተሪኖ ነው፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ እንዲያስነሳ የተሠራውን። እሱን በቀን ሃምሳ ጊዜ ብናስነሳበት በእርግጥ ዕድሜው ያጥራል፤ እዚህ ላይ አንከራከርም። ስታርት ስቶፕ ያለው መኪና ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገጠምለት ሌላ ሞተሪኖ ነው። ሁለቱን ፈትቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ካርቦኖቹ ረዘም ያሉና ጠንካራ ናቸው፣ የዘንጉ መያዣዎች የተሻሉ ናቸው፣ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ጥርስ ጋር የሚገጥመው ፒኞንም በስሱ እንዲገባ ተደርጎ ተሠርቷል። የሚጠበቅበት የማስነሳት ብዛት ከተራው ብዙ እጥፍ ነው፤ ሲፈተንም በመቶ ሺሕዎች እየተቆጠረ ነው። አንዳንዱ መኪና መብራት ላይ ጠፍቶ ሲነሳ ሞተሪኖውን አይጠቀምም፤ ዲናሞው ራሱ በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶው) በኩል ሞተሩን ያዞረዋል፤ 48 ቮልት ያላቸው ብዙ ቀላል ሃይብሪዶች (ሞተሩን በትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያግዙ መኪኖች) እንዲህ ናቸው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው «አይ ስቶፕ» ደግሞ ሞተሩን ሲያጠፋ ፒስተኖቹን ለመነሳት በሚመች ቦታ ላይ ያቆማቸዋል፤ ከዚያ ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ ረጭቶ በፍንዳታው ኃይል ያስነሳዋል፤ ሞተሪኖው ትንሽ ገፋ ከማድረግ በቀር ሸክም የለበትም። ተበላሽቶ የመጣልኝ የስታርት ስቶፕ ሞተሪኖ የለም አልልም፤ አለ። ከነዚህ መካከል ግን ኦሪጂናሉ ሲያረጅ በተራ የተተካበት ብዙ ነበር። ተራ ሞተሪኖ ገጥሞ ስታርት ስቶፕን መርገም ፍትሕ የለውም።

የዘይቱ ጉዳይ ትንሽ ቆም ብለን ብናየው ይጠቅማል፤ ብዙውን ሰው የሚያስፈራው እሱ ነውና። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ የብረት መቀመጫ) ውስጥ ሲሽከረከር ብረት ብረትን አይነካም፤ በመካከላቸው ስስ የዘይት ሽፋን አለ፤ ኮሎው በዚያ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ሽፋኑን የሚሠራው መሽከርከሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ኮሎው ቀስ ብሎ ብሮንዚኑ ላይ ያርፋል፤ ሲነሳ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ሽፋኑ ገና ሳይሠራ ይፋተጋል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ያሉት ልክ ነው። የሳቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያደረ ሞተር ዘይቱ ወደ ታች ወርዷል፣ ቀዝቅዞ ወፍሯል፣ ላይኛው ክፍል ድረስ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሞተርን የሚያስረጀው እንዲህ ያለው መነሳት ነው። ሰላሳ ሰከንድ ጠፍቶ የሚነሳ የሞቀ ሞተር ግን ዘይቱ በየቦታው አለ፤ ብሮንዚኑ እርጥብ ነው፤ ቀጭኑ ዘይት ወዲያው ይደርሳል። ሥርዓቱም ለዚህ ሲል ነው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ጨርሶ የማያጠፋው፤ የጠዋቱ መነሳት አንድ ብቻ ነው፣ ስታርት ስቶፕ ኖረም አልኖረም።

መሐንዲሶቹ በዚህም አላበቁም። መነሳት ሲበዛ ፍትጊያ እንደሚበዛ ስለሚያውቁ ለእነዚህ ሞተሮች ፖሊመር የተቀባ ብሮንዚን ሠርተዋል። ተራውን ብሮንዚን ስታገላብጡት የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። የተቀባውን ግን ደብዘዝ ያለ ጠቆር ያለ ልባስ ሸፍኖታል፤ በጣት ሲዳሰስ ለስለስ ይላል። ኮሎው ገና ዘይቱ ላይ ሳይንሳፈፍ ባለችው ቅጽበት የሚንሸራተተው በዚያ ልባስ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ግን ሥርዓቱ ሳይሆን ጊዜው ያለፈበት ወይም ለዚያ ሞተር ያልተፈቀደ ዘይት ነው። ስታርት ስቶፕ ያለው መኪና ዘይት ሲቀየርለት በመመሪያው ላይ የተጻፈው ደረጃና ውፍረት መጠበቁ ከሌላው መኪና ይበልጥ ያስፈልገዋል። ጸሐፊው ስለ ዘይት ሊመክሩን ከሆነ ይህን ቢነግሩን ደስ ባለኝ ነበር።

አሁን ወደ ባትሪው፤ የዚህ ሁሉ ሐሜት ምንጭ እዚህ ነው። ጸሐፊው «ስታርት ስቶፕ ባትሪ ይበላል» ሲሉ ከብዙ አሽከርካሪ አፍ የሰሙትን ነው የደገሙት፤ አሽከርካሪውም የደረሰበትን ነው የተናገረው። ስልኩን ይዞልኝ የመጣው ደንበኛዬም እንዲሁ ነበር። መኪናው ቀይ መብራት ላይ ከጠፋ በኋላ ሲነሳ ይንገታገታል፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ሬዲዮኑም አንዳንዴ ጠፍቶ ይበራል። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን አየሁት። ተራ የውሃ ባትሪ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ሌላ ቦታ እንዳስቀየረው ነገረኝ፤ «አምፒሩ አንድ ነው፣ ልዩነት የለውም» ብለውታል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ተራ ባትሪ የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው፤ ለአፍታ ትልቅ ጉልበት አውጥቶ ሞተር ያስነሳል፤ ከዚያ ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል። ከላይ ከላዩ ሲወሰድበት ይኖራል እንጂ ወደ ውስጥ ሲቆፈር አይችልም። ስታርት ስቶፕ ያለው መኪና ሞተሩ ሲጠፋ ዲናሞውም ይቆማል። መብራቱ፣ የኤሲው ነፋሻ፣ ሬዲዮው፣ መጥረጊያው፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ከባትሪው ይጠባሉ፤ በዚያ ላይ ከደቂቃ በኋላ ሞተር አስነሳ ይባላል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለዚህ የሚሠራው ባትሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤጂኤም ነው፤ አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ ተይዞ አይፈስስም፣ ሳህኖቹም ተጠጋግተው ታምቀዋል፤ ደጋግሞ መውረድና መሞላትን ይችላል። ሁለተኛው ኢኤፍቢ ነው፤ የውሃ ባትሪ ሆኖ የተጠናከረ፤ ቀለል ያለ ስታርት ስቶፕ ባላቸው መኪኖች ላይ ይገጠማል። በኤጂኤም ፈንታ ኢኤፍቢ መግጠም መውረድ ነው፤ በሁለቱም ፈንታ ተራ መግጠም ባትሪውን ያለ ዕድሜው መግደል ነው። ሁለቱም ከተራው ይወደዳሉ፤ ይህን ጸሐፊው ቢሉ አልቃወማቸውም። እሳቸው ያሉት ግን ሥርዓቱ ማንኛውንም ባትሪ ይበላል ነው።

የባትሪው ዓይነት ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ መኪኖች ኔጌቲቩ ምሰሶ ላይ ትንሽ ሴንሰር ተጣብቃለች። የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት፣ ቮልቴጁንና ሙቀቱን እየለካች ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች። ኮምፒውተሩ በእሷ ቃል ነው ሞተሩ ይጥፋ ወይስ አይጥፋ የሚወስነው፤ ዲናሞው ስንት ቮልት ይስጥ የሚወስነውም በእሷው ነው። እነዚህ ዲናሞዎች እንደ ድሮው ሁልጊዜ እኩል አይሞሉም። ነዳጅ መስጫውን ስንለቅና ፍሬን ስንይዝ በርትተው ይሞላሉ፣ ስንረግጥ ደግሞ ሞተሩን እንዳይከብዱት ለቀቅ ይላሉ። ስለዚህ ባትሪ ሲቀየር ብዙ መኪና አዲሱ ባትሪ እንዲመዘገብለት ይፈልጋል፤ ዓይነቱና አምፒሩ። ካልተመዘገበ አዲሱን እንደ አሮጌው እያየ ይሞላዋል። የደንበኛዬ መኪና ላይ ሁለቱም ጥፋት ነበር፤ ዓይነቱ ስህተት ነው፣ ምዝገባም አልተደረገም።

በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለ መኪና ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ሲነሳ ጥቁሩን ገመድ ኔጌቲቩ ምሰሶ ላይ አትሰኩ። መመሪያው ያሳየውን የማሳ ቦታ፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘውን ብረት፣ ፈልጉ። ምሰሶው ላይ ከሰካችሁት ከረንቱ ሴንሰሯን ሳያልፍ ይገባል፤ እሷም ባትሪው የቀረውን በትክክል አታውቀውም።

እንግዲህ ጸሐፊው እንደ ጉዳት የቆጠሩትን አንድ ነገር ገልብጬ ልናገር። «ሥርዓቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም» ብለዋል። ስታርት ስቶፕ በድንገት መሥራት ሲያቆም፣ ሞተሩ ሞቆ፣ የአየሩ ሁኔታ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ለቀናት ሳያጠፋ ሲቀር፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪው እየደከመ እንደሆነ ከማንም ቀድሞ የነገረን እሱ ነው። ባትሪው ገና ሞተር ያስነሳል፤ ኮምፒውተሩ ግን «አጥፍቼ ባስነሳ ላይነሳ ይችላል» ብሎ ተቆጥቧል። ይህን ምልክት ሰምቶ ባትሪውን ያስፈተሸ ሰው አንድ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ከሚል ድምፅ ብቻ ጋር አይቀርም።

ቱርቦውንና ኤሲውን በአጭሩ ልለፋቸው። ቱርቦ ከከባድ ጉዞ በኋላ ወዲያው ሲጠፋ ዘይቱ እንደሚያርር እውነት ነው፤ ዳገት ጨርሰን ወይም በፈጣን መንገድ ላይ በርትተን ሄደን ስንቆም ጥቂት ሚኒሞ ላይ መቆየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ስታርት ስቶፕ ባይኖርም። ብዙዎቹ አዳዲስ ቱርቦዎች በውሃ የሚቀዘቅዙ ናቸው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ውሃውን ማዞሩን ይቀጥላል። በከተማ ውስጥ ከመብራት ወደ መብራት ስንሄድ ቱርቦው የሚፈራው ሙቀት ላይ አይደርስም። ኤሲን በተመለከተ፣ በብዙ መኪና ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ቺንጋ ስለሆነ ሞተሩ ሲጠፋ ይቆማል፤ ነፋሻው ግን ይሠራል። ውስጡ ሲሞቅ ሥርዓቱ ራሱ ሞተሩን ያስነሳዋል። በጣም በሞቀ ቀን ከመጀመሪያውም አያጠፋም።

ወደ አደጋው ልምጣ፤ ይህ ሊናቅ የሚገባው ነጥብ አይደለም። ሞተሩ ለመነሳት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በማርሽ መኪና ላይ ፍሪሲዮኑን ስትረግጡ ይነሳል፤ ማርሽ እስክታስገቡ ድረስ ሥራውን ጨርሷል። በአውቶማቲክ መኪና ደግሞ እግራችሁ ከፍሬን ሲነሳ ይነሳል። ይሁንና በሚበርሩ መኪኖች መካከል ክፍተት ጠብቆ ለመታጠፍ የቆመ ሰው ግማሿን ሰከንድም ሊፈልጋት ይችላል። እንደዚያ ባለ ቦታ ማጥፊያውን ቁልፍ ተጫኑና ስታርት ስቶፑን አጥፉት፤ የተሠራው ለዚያ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ደግሞ ቁልፍም ሳያስፈልግ በእግር መቆጣጠር ይቻላል። ፍሬኑን በለስላሳው ይዛችሁ ከቆማችሁ ሞተሩ አይጠፋም፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡት ይጠፋል። ይህችን ያወቀ ሰው መቼ ይጥፋ መቼ አይጥፋ የሚለውን በእግሩ ይወስናል። በማርሽ መኪና ፍሪሲዮኑን ረግጦ የሚቆም ሰውም ሞተሩ አይጠፋበትም፤ ዜሮ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅቅ ነው የሚጠፋው። «የእኔ ሠርቶ አያውቅም» ከሚሉት ብዙዎቹ መብራት ላይ ፍሪሲዮን ረግጠው የሚጠብቁ ናቸው።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አደጋ ሌላ ነው። አውቶማቲክ መኪና ዲ ላይ ሆኖ ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥ ይላል። አሽከርካሪው መኪናው የጠፋ መስሎት ፍሬኑን ሲለቅ ሞተሩ ተነስቶ መኪናው ወደፊት ይሳባል። ብዙ መኪኖች በሩ ከተከፈተ ወይም ቀበቶው ከተፈታ በራሳቸው እንዳይነሱ ይደረጋሉ፤ ግን በዚያ ላይ መደገፍ አይገባም። ከመኪናው ስትወርዱ ፒ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሞተሩን በማስነሻ ቁልፉ አጥፉ። ጸጥታውን አትመኑት።

ይህ ነው ወደ ኮፈኑ የሚወስደኝ።

ከኮፈኑ መዝጊያ አጠገብ ትንሽ ስዊች አለች። ሥራዋ ኮፈኑ መከፈቱን ለኮምፒውተሩ መንገር ነው፤ ኮምፒውተሩም ይህን ሲሰማ ሞተሩን በራሱ እንዳያስነሳው ይከለከላል። ለምን እንደተሠራች ግልጽ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ከስሩ የሰው እጅ አለ። ጸሐፊው ሶኬቷን ነቅለን እንድንተዋት ይመክራሉ፤ መኪናው ኮፈኑ የተከፈተ መስሎት ስታርት ስቶፕ ይቆማል ይላሉ። በአንዳንድ መኪኖች እንደዚያ ይሆናል። በሌሎቹ ግን ስዊቿ የምትሠራው በተቃራኒው ነው፤ ሶኬቷ ሲነቀል መኪናው ኮፈኑ ሁልጊዜ የተዘጋ ይመስለዋል። የትኛው መኪና የትኛው እንደሆነ ጽሑፉ አንድ ቃል አይልም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በራሴ እጅ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ባለቤቱ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮ፣ ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩ በስታርት ስቶፕ ጠፍቶ ሳለ ከዲናሞው አካባቢ የሚሰማ ጩኸት ልፈልግ ኮፈኑን ከፈትኩ። የኮፈኑ ስዊች በአንድ ወቅት ሌላ ሰው ሽቦውን አገናኝቶ ዘግቷታል፤ ማንቂያ ደወሉ ያለ ምክንያት እየጮኸ ስላስቸገረ። እኔ አላወቅሁም። ቺንጋውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ስለቅቀው፣ እጄን ገና ሙሉ በሙሉ ሳልመልስ ሞተሩ ተነሳ። ማንም ቁልፍ አልነካም፤ ካቢኑ ስለሞቀ ኤሲው ሞተር ጠርቶ ነው። ቺንጋው የእጅጌዬን ጫፍ ይዞ ቀደደው። ጣቴ ስላልሆነ ዛሬ ይህን እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስታርት ስቶፕ ያለው መኪና ሞተሩ በማስነሻ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ከመኪናው ርቆ ካልተቀመጠ ኮፈን ስር እጄን አላስገባም፤ የሚሠሩልኝንም ልጆች ይህን ሳልነግራቸው አላልፍም።

የባትሪውን ሴንሰር መንቀልም ጥሩ አያመጣም። ስታርት ስቶፕ ይቆማል፤ እውነት ነው። ከሱ ጋር ግን መኪናው ባትሪውን ማየት ያቆማል። ዲናሞው ማስተካከያውን ትቶ ወደ ተጠባባቂ አሠራሩ ይመለሳል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የስህተት ኮድ ይመዘገባል፣ የባትሪውን ዕድሜ የሚከታተል ነገር አይኖርም። ባትሪ ለማትረፍ ተብሎ የባትሪው ጠባቂ ይነቀላል።

ደንበኛዬን በተመለከተ፣ ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ኤጂኤም ባትሪ ገጥመን መዘገብንለት። ከሳምንት በኋላ ሲመጣ መብራቱ መደብዘዙ ቀርቷል፣ ሬዲዮውም አይጠፋም። ስታርት ስቶፑን አሁንም አይወደውም፤ ተነስቶ ከመሄዱ በፊት ማጥፊያውን ቁልፍ ይጫናል። መብቱ ነው፤ አንድም ሽቦ ሳይነካ።

ለጸሐፊው የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ነዳጁ፣ ስለ ሞተሪኖው፣ ስለ ዘይቱ ባይስማሙ ግድ የለም፤ ከፈለጉ እንከራከራለን። የኮፈኑን ስዊች ስለ መንቀል የጻፉትን አንቀጽ ግን ያውጡት። ጽሑፉን አንብቦ ስዊቿን ከነቀለ ሰው መኪናውን የሚገዛ ሌላ ሰው፣ ወይም ምንም ሳያውቅ እጁን የሚያስገባ ልጅ መካኒክ፣ ያች ስዊች ተነቅላ እንደቆየች የሚያውቅበት መንገድ የለውም።